ሐይቁ ዳር ሰው አለኝ

አባባን ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ካልወሰድኳቸው ሳምንቱን ሙሉ ያኮርፋሉ። የእሳቸው ኩርፊያ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ዝምታ አይደለም፤ በር ሲዘጉ ሕንፃው በሙሉ ይሰማል። ያኔ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። መኪናዬን አስነስቼ ኢቶቢኮ ከሚባለው የከተማው ክፍል በታች፣ ውሃው ዳር ወዳለች አንዲት ትንሽ ሰፈር እንወርዳለን። ድሮ ራሷን የቻለች መንደር ነበረች ይባላል። ከተማው ከዋጣት ስንት ዘመኑ፤ ነዋሪዎቿ ግን ወሬው አልደረሳቸውም መሰለኝ፣ ዛሬም «መንደራችን» ነው የሚሏት።

በመንደሯ ጫፍ የማንም ያልሆነ ሣር አለ። የማንም ያልሆነ ስል የሕዝብ ማለቴ ነው። ጥቂት ዛፎች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ። አባባ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከእናቴ ጋር ያወራሉ።

እናቴ ከሞተች ቆይታለች። የተቀበረችው አዲስ አበባ ነው። አባባን ስፖንሰር አድርጌ ወደ ካናዳ ካመጣኋቸው በኋላ፣ መቃብሩ ለልማት ስለሚፈለግ አፅም ያለው ያንሳ ተብሎ ተለጠፈ። እኛ ስንሰማ ቀኑ አልፎ ነበር። ዘመድ ሮጦ ሲደርስ ቦታው ተቆፍሮ አገኘው። ያልተነሳው አፅም የት እንደተወሰደ ሲጠየቅ አንዱ ወዲህ ይላል፣ አንዱ ወዲያ። አባባ አላለቀሱም። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «ሰው ስንት ጊዜ ይሞታል?» አሉኝና ወሬ ቀየሩ።

ሐይቁ ዳር የወሰድኳቸው አየር እንዲቀበሉ ብዬ ነበር። አንድ ቅዳሜ መኪናዋን ፓርክ አድርጌ ስመለስ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ብርዱ እንዴት ይዞሻል?» ይላሉ። ስልክ ላይ ናቸው ብዬ ጆሯቸውን አየሁ። ስልካቸው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ ለመድኩት ማለት እንኳ ውሸት ነው። እየጠየቁ ዝም ይሉና መልስ እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሱ ነበር የሚያስፈራኝ። ነፋሱ ጋብ ሲል እኔም ሳላስበው ጆሮዬን አቆማለሁ።

እንዲህ እያልን ስንኖር፣ ቶሮንቶ ውስጥ ኮንዶ እንደ አሸን በፈላበት በዚያ ሰሞን፣ ሣሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎ አገኘን። የከተማው አስተዳደር መሬቱን ሊሸጥ ነው፤ የሚገዛው ደግሞ ኮንዶ ሊሠራበት። ውሻዋን ይዛ ስታልፍ ሁልጊዜ አባባን ሰላም የምትል አንዲት የመንደሩ ሴትዮ መጣችና ስብሰባ መጠራቱን ነገረችን። «ኑ፣ መሬቱ የእናንተም ነው» አለች።

«ምን አለች?» አሉ አባባ።

«አባባ፣ እዚህ ልማት ሊመጣ ነው።»

ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። በአማርኛ ልማት ክፉ ሆኖ አያውቅም፤ ክፉው ልማትን የሚጠላው ሰው ነው። አባባ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጡ።

«እዚህም ደረሱባት?» አሉ።

ስብሰባው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። አባባ ሱፋቸውን ለብሰው ሄዱ። መንደርተኛው ስለ ትራፊክ ተናገረ፣ ሕንፃው ስለሚጥለው ጥላ ተናገረ፣ አንዱ ስለ ወፎች ብቻ ሲናገር ሰዓቱ አለቀበት። ከዚያ አባባ እጃቸውን አወጡ። ላስተረጉምላቸው አብሬ ተነሳሁ።

«እኔ እዚያ ሰው አለኝ» ብለው ተቀመጡ። በቃ፣ ንግግራቸው ይኸው ነው።

እኛ ዘንድ ሰው አለኝ ማለት ብዙ ነገር ነው። ሆስፒታል በር ላይ ዘበኛው ሲከለክለን ሰው አለኝ እንላለን። ጉዳያችን አልሄድ ሲል እዚያ ቢሮ ሰው አለን ወይ ብለን እንጠይቃለን። እኔ ግን ተደናግጬ በእንግሊዝኛ ቃል በቃል አስቀመጥኩት። መሬቱ ውስጥ ሰው አለ ያልን መሰላቸው። ባለውሻዋ ሴትዮ አፏን ያዘች። ከኋላችን አንዱ፣ መቃብር ካለበት መገንባት አይቻልም ብሎ ሹክ አለ፤ ወሬው ከወንበር ወንበር ሲዞር ይታየኛል። ሰው ሁሉ በተስፋ ያየን ጀመር። ከከተማው የመጣው ሰውዬ ማይኩን ጠጋ አድርጎ፣ በጨዋ ደንብ፣ እዚያ የተቀበረ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ምን ይላል?»

«እማዬ እዚያ ተቀብራለች ወይ ነው የሚለው፣ አባባ። የስ ካሉ ፕሮጀክቱን ስቶፕ ሊያደርጉት ይችላሉ።»

አባባ ዝም አሉ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ወንበሩ ላይ ሆነው እሷን የሚጠብቁበት ዝምታ ነው። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ራሳቸውን አልነቀነቁም።

«የለችም በዪው» አሉ በመጨረሻ። «እኔም አጥቻት ነው የመጣሁት።»

ቶሎ ብዬ ተረጎምኩት። የተጣደፈ እንግሊዝኛዬ ደግሞ ለማንም አይገባ፣ ድገሚው ተባልኩና ደገምኩት። ሰውዬው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ተናጋሪ አለፈ።

ወዲያው ክረምቱ ገባ፣ በረዶው መንገዱን ዘጋው፣ እኛም መሄድ ተውን፤ አባባም እንደ ድሮው አላኮረፉም። መንደርተኛው ግን ብርድ ነው ብሎ አልተኛም፤ ሲሟገት ከርሞ ከተማው ሽያጩን ተወው። ባለውሻዋ ሴትዮ ደውላ ነገረችኝ፤ ከደስታዋ ብዛት የምትለውን አታውቅም። እኔም ከሥራ መልስ እየሮጥኩ ገባሁ።

«አባባ፣ መሬቱ ተረፈ! ነገ ቅዳሜ አይደል፣ እንሄዳለን።»

ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ድምፁን ቀንሰው ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቅያሜ የሚባል የለም፤ የምር ግራ ገብቷቸው ነው የጠየቁኝ።

«ማን ጋ?»