የጋሽ ገመቹ የሞተር መስታወት

ሞኝነቴን ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል፤ ሰፈር ውስጥ ከጠየቃችሁ ጨምረውበት ነው የሚነግሯችሁ። ሞተር ሳይክል ጥገና ቤት በገባሁበት በመጀመሪያው ቀን፣ አዲስ የፊት መስታወት በቤንዚን አጠብኩ።

መስታወት እንለዋለን እንጂ ፕላስቲክ ነው። ከሞተሩ መሪ ፊት ቆሞ ነፋስና አቧራ ይመልሳል። አለቃዬ ጋሽ ከድር "ወልውለህ አስቀምጠው" ብለውኝ ለሶላት ወጡ። እኔ ደግሞ ጠዋት ሠራተኞቹ ቅባት የነካውን ዕቃ ሁሉ በቤንዚን ሲያጥቡ አይቻለሁ። ጨርቅ ነክሬ፣ እየዘፈንኩ ፈተግኩት። ሲመለሱ መስታወቱ እርጎ መስሏል፤ እጄን ከኋላው ባደርግ አይታይም።

ጋሽ ከድር አገላብጠው አዩትና "ጥሩ ነው፤ ለሻወር ቤት በር ይሆናል" አሉ። ቀጥለውም "ውሃና ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ። ሌላ ምንም እንዳታስነካው" አሉኝ። አላባረሩኝም። መስታወቱን ግን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፣ እኔንም ጉሙ ብለው ጠሩኝ። ዛሬ ጢሜ ሸብቶ፣ ሆዴ ቀበቶዬን አልፎ፣ ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ጉሙ ካላላችሁ የሚያውቀኝ የለም። ባለቤቴም ስትናደድ ጉሙ ነው የምትለኝ።

መስታወት መምረጥ ቀላል ይመስላል። ወጣቶቹ ጥቁሩን ይወዱታል፣ ያምራላ! አንዳንዱ ደግሞ በረዘመ ቁጥር የሚሻል ይመስለዋል። የጋሽ ከድር ሕግ ግን አንድ ነው፦ የላይኛው ጠርዝ የነጂው አፍንጫ ጫፍ ጋ ይድረስ። ሰው ከመስታወቱ በላይ አሻግሮ ነው መንገድ የሚያየው፣ በውስጡ አይደለም። በእኛ አካባቢ ከባድ መኪና የሚያነሳው አቧራ ፕላስቲኩን ቶሎ ይጭረዋል፤ ዝናብ ሲጨመርበት ጭራሽ የኔን የመጀመሪያ ቀን ሥራ ይመስላል።

አገጣጠሙም ትዕግሥት ይፈልጋል። በየቡሎኑ ሥር ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ቀለበት፣ ይገባል፤ ዳዶው እስኪይዝ ድረስ በእጅ ብቻ ይጠብቃል። በመፍቻ "ትንሽ ልጨምርበት" ያለ ሰው ጠሽ የሚል የስንጥቅ ድምፅ ይሰማል። ያን ድምፅ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ጋሽ ከድርም ያውቁታል።

ታዲያ ሁሉን አውቄያለሁ ባልኩበት ዘመን ነው ጋሽ ገመቹ የመጡት። ቤተሰቦቻቸው አቃቂ ሳይከተም ጀምሮ ያረሱ ናቸው። ጋሽ ገመቹ አሁን ላሞች አሏቸው፤ በሞተራቸው ሳሪስ አቦ ድረስ ወተት ያደርሳሉ። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ታክመው ገና መዳናቸው ነበር። ሐኪሙ መንዳት ፈቅዷል፣ ነፋስና አቧራ ግን ዓይናቸውን እንዳይነካ ብሏል። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጃቸው ሌንሳ አብራ መጣች።

"መነጽር አይሻልም?" አልኳት።

"ገዝቼለት ነበር። ያልበኛል ብሎ ኪሱ ውስጥ ከቶት ነው የሚነዳው" አለችኝ። "ጋሽ ጉሙ፣ እቅጩን ልንገርህ፤ መስታወት ተገጥሞም ዓይኑ ከቀላ ሞተሩን እሸጠዋለሁ።"

"የማንን ሞተር?" አሉ ጋሽ ገመቹ።

"ያንተን፣ አባዬ።"

ጋሽ ገመቹ የሞተራቸውን መሪ ያዝ አደረጉ። ወተቱንማ ባጃጅ ያደርሰዋል። በየደንበኛው በር ቆመው የሚያወሩትን ወሬ ግን ማን ያደርስላቸዋል?

ሞተሩን በመቆሚያው አቁሜ "ይቀመጡ" አልኳቸው። ደረታቸውን ነፍተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡ፤ ለፓስፖርት ፎቶ የሚነሱ ነው የሚመስሉት። እንዲህ ቀጥ ያለ ደንበኛ አግኝቼ አላውቅም። የአፍንጫቸውን ጫፍ ለክቼ፣ ነጩን መስታወት መርጬ ገጠምኩ። ለሌንሳም "ይህን አልፎ የሚገባ አቧራ ካለ ጢሜን እላጫለሁ!" አልኳት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጋሽ ገመቹ ከሩቅ ሲመጡ አየሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ብቻውን የሚመጣ ነው የመሰለኝ። ጎብጠው ከመስታወቱ ኋላ ተደብቀዋል፤ ጭንቅላታቸውን ብቻ በግራ በኩል ብቅ አድርገዋል። ጥገና ቤቱ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ግራ ዓይናቸው ቲማቲም መስሏል።

"ምነው በጎን ይነዳሉ?" አልኳቸው።

"ጠርዙ ዓይኔ ላይ እየመጣ መንገዱን ለሁለት ይከፍልብኛል! ታዲያ በየት ልይ?" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደግሞ፣ "ሌንሳ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥታለች። ሳትመለስ አስተካክልልኝ፣ በሞቴ።"

እንደገና አስቀመጥኳቸው። እንደገና የፓስፖርት ፎቶ። "እንደሚነዱት ትንሽ ጎበጥ ይበሉልኝ" ብላቸው ተቆጡ። "ማነው የሚጎብጠው?"

ያኔ ስህተቴ ገባኝ። የለካሁት የቆመ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እሳቸው ግን ወተት ጭነው፣ የሞተሩ ኋላ ረግቦ፣ ወገባቸው ደክሞ ነው የሚሄዱት። መስታወቱ ላይ ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ፕላስተር በአግድም ለጠፍኩ። ጀሪካኖቹ ባዶ ስለነበሩ በወተቱ ፈንታ እኔው ከኋላ ወጣሁ። ሞተሩ አቃሰተ።

"ስንት ዘመን የቀለብነው ሆድ ዛሬ ሥራ ገባ!" አሉ ጋሽ ከድር ከወንበራቸው።

መንገድ ላይ ስንወጣ ጋሽ ገመቹ አሁንም ቀጥ እንዳሉ ናቸው። "ያቺ ጥቁሯ ላምዎ ወለደች?" አልኳቸው። "ወለደች! ምጧን ብታይ..." ብለው ጀመሩ። ጥጃዋ ቆማ ስትጠባ የሚለው ላይ ሲደርሱ ጀርባቸው ቀስ ብሎ ላላ፣ ትከሻቸው ወረደ።

"አሁን ዓይንዎ ፊት ያለው የትኛው ፕላስተር ነው?"

"ቢጫው። ሰማያዊው አፍንጫዬ ጋ ነው። እና ጥጃዋን..."

ተመልሰን መቁረጫ መጋዙን፣ ሴጌቶውን፣ ሳነሳ ጋሽ ከድር ከወንበራቸው ተነሱ። "ጉሙ፣ ከተቆረጠ አይቀጠልም።"

"አውቃለሁ።"

"ከተሳሳትክ ሞተሩ ይሸጣል።"

"እሱንም አውቃለሁ" አልኩ። ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ በሁለቱም በኩል ፕላስተር ለጥፌ፣ ግሎ እንዳይቀልጥ እያረፍኩ፣ በሰማያዊው ላይ ቆረጥኩት። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። በመጨረሻ በውሃና በሳሙና አጠብኩት።

ሌንሳ ከተመለሰች በኋላ ሁለቱም መጡ። እዚያው ደጃፋችን ላይ የአባቷን የዓይን ቆብ ገልጣ በስልኳ መብራት አየች።

"ንጹሕ ነው" አለች። "እሺ፣ ሞተሩ ይቆይ።" ከዚያ ወደ መስታወቱ ዞረች። "ይሄ ነገር አጥሯል እንዴ?"

"ፋሽን ነው" አልኳት።

"ጢምህስ የት ሄደ?"

"እሱም ፋሽን ነው።"

ከዚያ ወዲህ መስታወት የምለካው የደንበኛውን ጭነት አስጭኜ፣ ትንሽ አስነድቼ፣ ወሬ አስይዤ ነው። ሞተር አቁሜ መለካት ትቻለሁ። አዲስ ለምትጀምሩም የምለው ይህንኑ ነው።

ሌንሳ ታክሲ ልትይዝ ስትሄድ ጋሽ ገመቹ ሄልሜታቸውን እያጠለቁ ጠጋ አሉኝ።

"ስትለካኝ ለምን ያን ያህል ቀጥ እንዳልኩ ገብቶሃል?"

"አልገባኝም" አልኳቸው።

"በመጀመሪያው ቀን ልጄ እያየችኝ ነበር" አሉኝ። "በሁለተኛው ቀን ደግሞ፣ መጎበጤን እንዳትነግራት ነው፤ አንተ አፍህ ሰፊ ነው።"