ከእርቁ በኋላ ዝም ያለ ድምፅ

እኔ ተከራካሪ ሰው ነኝ፤ አልክድም። የደብረ ብርሃን ብርድ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሰው ውጭ አያስቆምም። ቤቱ የገባ ሰው ብርድ ልብስ ይደርባል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ይጣላል። ስለ ኮምፒዩተር ተከራክሬአለሁ፣ ስለ ምርጫ ተከራክሬአለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ይሁን ወይስ ዝግ በሚል፣ ጅማ ካለ አንድ መሐንዲስ ጋር ጾሙን ሙሉ ተጨቃጭቀን፣ ፋሲካ ዕለት «እንኳን አደረሰህ» ተባብለን፣ በማግስቱ ካቆምንበት ቀጥለናል። ባለቤቴ «አንተን የሚያሸንፍህ ባትሪ ብቻ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። ከዚህ ሁሉ ክርክር እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚቆጨኝ በመከራከሬ ሳይሆን ክርክሩ በቆመበት መንገድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከታላቅ እህቴ ነው። እትዬ አንኮበር ታሪክ ታስተምር ነበር። ስኳር ዓይኗን ቀስ እያለ ወሰደባት፤ መጀመሪያ ሰሌዳው ደበዘዘባት፣ ቀጥሎ መጽሐፉ፣ ቀጥሎ የእኔ ፊት። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ያም ሆኖ «ማንበብ የማይችል አስተማሪ ምን ብዬ ላቆይ?» አላት። እሷ ደግሞ ያለ ክፍሏ መኖር አታውቅበትም። ባል አላገባችም፣ አልወለደችም፤ «ልጅ የለሽም ወይ?» ሲሏት «በየዓመቱ አዲስ ይመጡልኛል» ነበር መልሷ። ያኔ አማርኛ ያነባሉ የተባሉ ፕሮግራሞችን ሞከርንላት። ሁሉም ጉንፋን እንደያዘው ፈረንጅ ነበር የሚያነቡት። እትዬ አንዱን አዳምጣ «ይሄ ሰውዬ ራሱ አንባቢ ያስፈልገዋል» ብላ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች።

ይህንን ለጓደኛዬ ስነግረው ሁለተኛ አላስጠየቀኝም። የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ዘር ማንዘሩ ነጋዴ ነው። ኮሌጅ አብረን ተማርን፤ እኔ ደብረ ብርሃን የኮምፒዩተር አስተማሪ ሆንኩ፣ እሱም እዚያው ፕሮግራም እየጻፈ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። «ወላሂ፣ እኛው እንሠራዋለን» አለኝ። ድምፁን እሱ ሰጠ፤ የእኔ ድምፅ ወፍጮ ነው። ቤቱ ውስጥ የአንዷን ክፍል ግድግዳ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሸፍነን፣ ነፋሱ ጋብ እስኪልልን እየጠበቅን፣ ውሻ ሲጮኽ እያቋረጥን፣ ቃል በቃል ቀዳነው። የድምፁን ክፍል እሱ ሠራ። እኔ ጽሑፉን ያዝኩ፦ ቁጥሩ እንዴት ይነበብ፣ አጭሩ ጽሑፍ እንዴት ይፈታ፣ የቱ ይጥበቅ የቱ ይላላ። ሲያልቅ ኮዱን እንዳለ ኢንተርኔት ገጽ ላይ አወጣነው፤ የፈለገ ይጠቀምበት፣ የፈለገ ያሻሽለው ብለን። እናቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ደቦ ነው» አልኳት። ወዲያው ገባት።

እትዬ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ማስተማር ጀመረች። የጓደኛዬ ድምፅ ያነብላታል፣ እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ሆና በራሷ ወግ ታስተምራለች። ተማሪዎቹ መልሳቸውን በስልክ ጽፈው ይልኩላታል፤ እያዳመጠች ታርማለች። አንድ ቀን ንጉሡ ሠራዊታቸውን አስከትለው ሊወጡ ሲሉ ፕሮግራሙ «ገጽ አርባ ሁለት» ቢላት፣ እሷም ሳታስበው «ንጉሡ ገጽ አርባ ሁለት» ብላ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ይህን ስትነግረኝ ራሷም እየሳቀች መጨረስ አቅቷት ነበር። ርእሰ መምህሩ ኋላ ተቀምጦ አንድ ክፍለ ጊዜ አዳመጣትና «በቃ፣ አንቺ ከዚህ ወዴትም አትሄጂም» አላት።

ይህ በሆነ በዓመቱ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ፕሮግራማችንን ወስዶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ አርማውን ለጥፎ ይሸጠው ጀመር። ጓደኛዬ አንድ ባንክ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ የገዛ ድምፁ ከጣሪያው «ተራ ቁጥር ሠላሳ፣ መስኮት ሦስት» አለው። ደሙ ፈላ። «የአጠቃቀም ፈቃዱን እንቀይረው፤ ለሰው በነጻ፣ ለነጋዴ በክፍያ» አለኝ። እኔ ደግሞ «አንዴ ክፍት ነው ያልነውን መልሰን አንዘጋም፤ ነጻ ማለት ነጻ ማለት ነው» አልኩት። ልጅ ተወልዶለት ነበር፣ የቤት ኪራይ ነበረበት፤ አልታየኝም። አሁንም ቢሆን በነገሩ ትክክል ነበርኩ እላለሁ! ግን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ብንነጋገርበት ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ነበር። እኛ ግን ፕሮግራም ጻፊዎች የሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አወጣነው።

የግሩፑን ነገር ተዉት። የሚሠራው ጥቂት፣ የሚከራከረው አእላፍ። እሱ «ጓደኛዬ በነጻ መስጠት የሚቀለው ደመወዙን መንግሥት ስለሚከፍለው ነው» ብሎ ጻፈ። እኔ «አንዳንድ ሰው ደቦ ጠርቶ ሲያበቃ በሩ ላይ ትኬት ይቆርጣል» ብዬ መለስኩ። ጥሩ አባባል መሰለኝ፤ ላይኩ ሲዘንብልኝ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ መሰለኝ። ወዲያው የማናውቃቸው ሰዎች ገቡበት። እኔን «የደርግ ርዝራዥ» አሉኝ፤ ደርግ ሲወድቅ እኔ ጡት እንኳ አልጣልኩም! እሱን «የነጋዴ ልጅ፣ አየርም ቢሆን ይሸጣል» አሉት። አንዱ ተነሥቶ ነገሩ የመንግሥት ሴራ ነው አለ፣ ሌላው የተቃዋሚ ነው አለ። ትንሽ ቆይቶ ጭቅጭቁ ስለ ምርጫ ሆነ፤ እኛም ሁለታችን እዚያው መሃል ገብተን እንራገጣለን።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ፕሮግራሙ እንደዚያን ጊዜ ተሻሽሎ አያውቅም። እልህ ነዋ! እሱ ጠዋት አንድ ስሕተት ካረመ እኔ ምሳዬን ትቼ ሌላ አርማለሁ፤ «እሱ ይህን ሲሠራ አንተ ምን ሠራህ?» እንዳልባል። እትዬ ደውላ «ምን አግኝታችሁ ነው እንዲህ የተጋችሁት? ጓደኛህ እኮ እንደ ሰው መጠየቅ ጀመረ፤ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ድምፁን ያነሣል!» አለችኝ። ደስታዋን ላለማደፍረስ መጣላታችንን አልነገርኳትም።

በዚህ መሃል አክስቴ ሞተች፤ እትዬ ተማሪዎቿ ፈተና ላይ ስለነበሩ ከቀብሩ በቀጥታ ወደ አንኮበር ተመለሰች። እሱ እናቱንና ባለቤቱን ይዞ መጣ፤ ጠብም ቢኖር ለቅሶ የሚቀር ሰው አይደለም። ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን፤ ሰላምታ የለም። ንፍሮ ይዞራል፣ ሰው በዝግታ ያወራል፣ እኛ ሁለታችን ስልካችን ላይ አቀርቅረናል። እኔ እጽፋለሁ፤ እሱ ቀና ብሎ በግልምጫ ያየኝና አቀርቅሮ ይጽፋል፤ የእኔ ስልክ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ዓይኗ ከእኔ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እኔ ሲመላለስ ቆየና «እናንተ! ለቅሶ ላይ ተቀምጣችሁ ትሰዳደባላችሁ?» ብላ ጮኸች። የእሱ እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠልን፤ ከእኛ ወገን አጎቴ፣ ከእነሱ ወገን አንድ ሐጂ።

«ያጣላችሁ መሬት ነው?» አሉ ሐጂ።

«አይደለም፣ ሐጂ።»

«ከብት ነው? ሱቅ ነው?»

«ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ነው።»

«ማን ገዛው?»

«ማንም አልገዛውም፤ በነጻ ሰጥተነዋል።»

ሐጂ ወደ አጎቴ ዞሩና «ሱብሐነላህ! ሰው ባለው ነገር ሲጣላ አይቻለሁ፤ በሰጠው ነገር ሲጣላ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ይሉኝታ ያዘን። ግሩፕ ላይ ጅብ የነበርን ሰዎች ሽማግሌ ፊት በግ ሆንን። እኔ «እሱ እንዳለው ይሁን፣ ፈቃዱን ይቀይረው» አልኩ። እሱ «የለም፣ እሱ እንዳለው ክፍት ይቅር» አለ። «አይሆንም፣ ትቼለታለሁ።» «ወላሂ፣ የተውኩትስ እኔ ነኝ!» በስድብ ያልተሸናነፍን ሰዎች በትሕትናም መሸናነፍ አቃተን። አጎቴ በመጨረሻ ሰለቻቸው። «እንግዲያው ሁለታችሁም ትታችሁታል። ያጣላችሁ ነገር ከመሃላችሁ ይውጣ፤ ከዛሬ ወዲያ እሱን ያነሣ ሰው እርቅ አፍራሽ ነው» አሉ። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ አጎቴ መረቁ፣ ተሳሳምን። እኛ አገር እርቅ ያፈረሰ ሰው ቃሉን የሚቀበለው የለም፤ ዋስ ሁን እንኳ አይባልም። ያንን ሁለታችንም እያወቅን አሜን አልን።

ወዳጅነታችን ተመለሰ፤ ይህን አልክድም። ለዒድ አልዩ አምባ እወርዳለሁ፣ ለፋሲካ እሱ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። ስለ ልጆች እናወራለን፣ ስለ ሲሚንቶ መወደድ እናወራለን፣ ፖለቲካም ቢሆን ድምፃችንን ቀንሰን እናወራለን። ስለ ፕሮግራሙ ግን ትንፍሽ የለም። ኮዱ ገጹ ላይ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ የሚነካው የለም። እኔ ብነካው «ትቻለሁ ብሎ ተመለሰበት» የሚለኝ ይመስለኛል፤ እሱም ስለ እኔ እንደዚያው ሳያስብ አይቀርም።

ባለፈው ክረምት የእትዬ ስልክ ራሱን አደሰና ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። አሮጌ ስልክ ፈልጌ ጫንኩላት፤ ጥቂት ሠርቶ ባትሪው አብጦ ሞተ። አዲሶቹን አንባቢዎች ሞከረች፤ ያለ ኔትወርክ አይሠሩም፣ የአንኮበር ኔትወርክ ደግሞ ከጉሙ ጋር ይመጣል ከጉሙ ጋር ይሄዳል። የዚያ ድርጅት ቅጂ የባንክ ተራ ከመጥራት አያልፍም። ቢጨንቀኝ ኮዱን በድብቅ ከፈትኩት፤ የተበላሸው የድምፁ ክፍል ነው፣ የእሱ እጅ ሥራ፣ እኔ የማልደፍረው። ስሜን ደብቄ ግሩፑ ላይ «ክፍት ነው፣ ማን ይጠግነው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልሱ ጎረፈ! አንዱ መጀመሪያውኑ ቢሸጥ ኖሮ አይሞትም ነበር አለ፤ ሌላው የገደለው የመሸጥ ሐሳብ ነው አለ፤ ሦስተኛው ፓርቲ ጠቀሰ። ኮዱን ገልጦ ያየ አንድም አልነበረም። እኔም ከልማዴ ሁለቱን መልስ ሰጥቼአቸው ነበር።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ጓደኛዬ «እትዬን ልጠይቃቸው» አለኝና አብረን ሄድን። ከቆላ የመጣ ሎሚና ፓፓያ ይዞላታል። ገና «እንደምን አሉ?» ከማለቱ እትዬ ተነሥታ አቀፈችው። «ይህን ሁሉ ዘመን ጆሮዬ ውስጥ የኖረ ሰው!» አለችው። አዲሱን የመማሪያ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ዳብሳ አመጣችና «እስቲ ዛሬ አንተው አንብብልኝ» አለችው። አነበበላት። እሷ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፣ ከንፈሯ አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ሲያበቃ «ያ ስልክ ግን ምን ሆኖብን ይሆን?» አለች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እሱ ጫማውን አየ። «ኢንሻአላህ ይስተካከላል» አላት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። «ስማ እንጂ» አለኝ። «ያ ነገር… ያ ያኔ የተውነው ነገር… እያሰብኩ ነበር…»

ደነገጥኩ። ስላለፈው ስድብ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መሰለኝ፤ እንዳያፍር ብዬ እጁን ያዝ አደረግኩት። «ተው ወንድሜ፣ እርቅ ነው። በእኔ በኩል አልቋል» አልኩት።

«አውፍ በለኝ፣ እሺ» አለ። ደብረ ብርሃን እስክንገባ ስለ ዝናቡ አወራን።

ቤቴ ገብቼ ጃኬቴን ሳወልቅ ነው የገባኝ። ሊጠግነው ነበር! አብረን እንጠግነው ሊለኝ ነበር! ስልኬን አነሣሁ፤ ግን ምን ብዬ ልደውል? እርቅ ነው ብዬ አፉን ያስያዝኩት እኔ፣ ደውዬ እርቁን እናፍርስ ልበለው? ነገ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፤ እነሆ አልደወልኩም። በጽሑፍ አገር የሚያሸብር ሰው፣ ለአንድ ወዳጁ አንዲት ቃል መጻፍ አቃተው። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

እትዬ ያለ አንባቢ ማስተማር አልሆንላት ብሎ ክፍሏን ያስረከበች ሳምንት ደወለችልኝ። የተተካው ልጅ ጎበዝ እንደሆነ፣ ትንሽ እንደሚቸኩል፣ ተማሪዎቹ እስከ ቤቷ እንደሸኟት ነገረችኝ። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ እሱ ነው የሰበረኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ጠቡን፣ ድንኳኑን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሚኒባሱን። እናቴንም እንዳትነግራት ለምኛት ስለነበር፣ ከዚያ በፊት መጣላታችንን እንኳ አታውቅም ነበር። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለችኝ። «እንደዚያ አሳምሮ ያነብልኝ የነበረው ስትጣሉ ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዝም ያለው ደግሞ ከታረቃችሁ ወዲህ ነው?»

«አዎ።»

«ምነው ታዲያ» አለች፣ «ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንኳ ብትጣሉልኝ።»