ሱፐርቻርጀሩና የእናቴ አሮጌ ነጠላ

ዛሬ ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ እህል የጫነች አህያ ሚኒባሴን ቀደመቻት። ተሳፋሪው ሁሉ አየ።

ትናንት ነው እንግዲህ፣ አርጅታ ደከመች ብዬ፣ «ወደ ሞተሩ አየር እየነፋ ጉልበት ይጨምራል» የተባለውን የኤሌክትሪክ ሱፐርቻርጀር የገጠምኩላት።

ደብረ ታቦር እንደደረስኩ ጋራዥ ወሰድኳት፤ አንጋፋው መካኒክ ጋሽ ሞላ ዕቃውን አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ይቺ እኮ ማራገቢያ ናት። ሞተሩ ራሱ የሚስበው አየር እሷ ከምትነፋው ይበልጣል፤ ጭራሽ መንገድ ዘጋችበት» ብለው ነቀሏት።

ቀጥለው ከአየር ማስገቢያው ቱቦ የውጭ አፍ ላይ አንድ ጨርቅ ፈትተው አሳዩኝ። በውቂያ ሰሞን ገለባ እንዳይገባባት ብዬ ራሴ ያሰርኩት የእናቴ አሮጌ ነጠላ! ረስቼው ከርሜያለሁ።

ከዚያ በኋላ ዳገቱን እንደ ድሮዋ ወጣችው።

እኔው አፍኛት፣ «አርጅታለች» እያልኩ ለስንቱ አማኋት። እናንተስ፣ ራሳችሁ ያፈናችሁትን ደካማ ብላችሁ ታውቃላችሁ?