ያስተማርኩትን ላነሳ ወደ ፉሪ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12፡15፣ ጎፋ

ባለቤቴ ሳትነቃ ወጣሁ። የት እንደምሄድ ብትጠይቀኝ መልሱ ያሳፍረኛል።

አምና በቸርቻችን ስለ ልጅ አስተዳደግ አስተምሬ ነበር። ከመጽሐፈ ምሳሌ፣ በመንገዱ የተመራ ልጅ ከመንገዱ አይወጣም የሚለውን ያዝኩና፣ «ቃሉ የእግዚአብሔር እስትንፋስ ነው፣ አይዋሽም! ልጁ ከወጣ ጥፋቱ የወላጅ ነው» አልኩ። ጉባኤው አሜን አለ። እትዬ አስካለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከቤት ወጥቶ እንደቀረ አውቅ ነበር። በሳምንቱ ለዓመታት ያስተማሩበትን የሕፃናት ክፍል ቁልፍ መልሰው ቤታቸው ቀሩ።

በቅርቡ የማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ ገባሁ። መምህሩ፣ «የጽሑፉን ዓይነት ሳትለዩ አትተርጉሙ። ምሳሌ ኑሮ አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ ይነግራችኋል እንጂ ውል አይፈርምላችሁም» ሲል እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ።

1፡10፣ ላፍቶ

የታክሲ ጋቢና ነኝ። መንገዱ ተቆፍሯል፤ አቧራ፣ የፌሮ ክምር፣ የኮንዶሚኒየም ልብስ ማስጫዎች። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ኧረ ሹፌር፣ ረፈደብን!» አለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ እህቴ» አላት ሹፌሩ።

ትንሽ እንደሄድን ከፊታችን መኪና ተደርድሮ ቆመ። ሹፌሩ ወደ ኮብልስቶኑ እጥፍ አለና፣ «ሳይቃጠል በቅጠል!» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ። ማንም ውሸታም አላለውም፤ የትኛው ተረት መቼ እንደሚሠራ ሁሉም ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፣ መድረክ ላይ እስክወጣ ድረስ።

2፡00፣ ሃና ማርያም

ብርቱካን፣ ኪሎው ሁለት መቶ ብር። ብዙ ተከራከርኩ። ለብሩ ብዬ አይደለም፣ ሰዓት ለመግፋት ነው። ሻጩ ሰልችቶት፣ «ጋሼ፣ ትገዛለህ ወይስ ታወራለህ?» አለኝ።

2፡40፣ ፉሪ

እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ ልብስ ያጥባሉ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሳሙኝ፤ ያ ባሰብኝ። ኮርሱን፣ ምሳሌውን፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ብርቱካን እየላጡ ሰሙኝ። «ልጄ፣ እኔ ያደግኩት በተረትና ምሳሌ ነው። በእግዚአብሔር መንፈስ ስለተጻፈ ምሳሌነቱ ይቀራል እንዴ? ይሄ አልጠፋኝም።»

«ታዲያ ቁልፉን ለምን መለሱ?»

«አንተ ስትናገር ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጆቻቸውን የሚልኩልኝ ደግሞ እነሱ ናቸው።» የብርቱካኑን ግማሽ ሰጡኝ። «በማይክ የተናገርከውን በጆሮዬ ልታነሳው መጣህ?»

ማክሰኞን የመረጥኩት ሰው እንዳያየኝ ነበር። ገብቷቸዋል። ብርቱካኑን እንደያዝኩ ተሰናብቼ ወጣሁ።

4፡30፣ ጎፋ

ከታክሲ የወረድኩት ቸርቹ በር ላይ ነው። አዳራሹ ባዶ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ለፓስተሩ ደወልኩ፤ እሁድ አስር ደቂቃ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ስሕተት ማስተማሬንና እትዬ አስካለን እንዴት እንደጎዳሁ ነገርኩት።

«ወንድሜ፣ ምን አጨናነቀህ? ጻፈውና ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እንለጥፈዋለን» አለኝ።

ለአፍታ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ራሱ አሳፈረኝ።

«አይሆንም» አልኩት፣ «በማይክ ነው።»