ያላነበብኳቸው ቁጥሮች

ባለፈው ሳምንት ቀሚስ ላሳጥር ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብቼ፣ ሰውየው ማሽኑን ዘይት ሲቀባ ሽታው አፍንጫዬን እንደነካኝ፣ በአባዬ አውራ ጣት የወዛው አሮጌ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከነቀይ ልባሱ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

አባዬ የልብስ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጠ፣ የማሽኖቹን መመሪያ ለቡ ወደነበረው ቤታችን ይዞ ይመጣና እሁድ እሁድ እኔ ከመዝገበ ቃላቱ እየፈለግሁ አነብለት ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፄን ሲውጠው፣ መመሪያው ላይ «ፊድ ዶግ» የሚል አግኝቼ የሁለቱንም ቃል የመጀመሪያ ፍቺ ወሰድኩና «ውሻውን መግብ ይላል» አልኩት።

አባዬ ሥዕሉን አይቶ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ይሄ'ኮ ጨርቁን የሚገፋው ጥርስ ነው። አጥንት ይዤ ልግባላቸው?»

እማዬ ምስር እየለቀመች «እነዚህ ፈረንጆች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ ቃል አጠራቸው እንዴ?» አለች።

«አንዱን ካፖርት ለሰባት ልጅ ነው የሚያለብሱት» አላትና ወደ እኔ ዞሮ «ስሚ፣ በፊተኛው ፍቺ አትተማመኚ። ከቃሉ ሥር ያሉትን ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ፣ የሚሆነውን እኔ እመርጣለሁ» አለኝ።

ሕጋችን ይኸው ሆነ። «ላይት» የሚል ሲገጥመኝ ብርሃን፣ የማይከብድ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ መለኮስ እያልኩ በየቁጥሩ አነብለታለሁ፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና «ሁለተኛው!» ይል ነበር። መስከረም ጠብቶ የለቡ ጭቃ ሲደርቅ ጎረቤቶችም የመድኃኒት ወረቀታቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። እትዬ ወርቄ ከበር ላይ ሆነው «የእንግሊዝኛ ዳኛዋ አለች?» ብለው ሲጣሩ፣ ሰው ፊት መቆም ያሳፍረኝ ነበርና ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አነብላቸው ነበር።

በበጋው አባዬ ከሳ። ቀበቶውን ሁለት ጊዜ በምስማር በስቶ አጠበበው። ከፋሲካ በኋላ የጎኑ ሕመም ሲጠናበት አልትራሳውንድ ተነስቶ፣ ውጤቱን ይዞ በሳምንቱ ሐኪሙ ዘንድ እንዲቀርብ ተነገረው፣ እሱ ግን ፖስታውን ቀድዶ ወረቀቱን እንደ ማሽን መመሪያ ፊቴ ዘረጋው።

ጉበቱ ላይ «ማስ» አለ ይላል። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። አንደኛው ክብደት ነው፣ ከዚያ ብዙ ሕዝብ፣ ከዚያ ቅዳሴ፣ ከዚያ ክምችት፤ አምስተኛው፣ በሰውነት ውስጥ የሚወጣ እጢ። በሆዴ አንብቤ ጨረስኩ። እማዬ የምትለቅመውን ትታ ታየኛለች። እኛ ቤት ክፉ ወሬ በልጅ አፍ አይነገርም፤ የአክስቴን ሞት እንኳ ለእማዬ የነገሯት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ትልልቅ ሰዎች ተመርጠው ነበር።

«ክብደት ይላል» አልኩ።

አባዬ ቀበቶውን ነካ አደረገ። «ክብደት? እኔ ላይ?»

«አዎ።»

«ሌላስ የለውም?»

ጣቴ አምስተኛው ቁጥር ላይ ነበር። «የለውም» አልኩት።

ጣቴን ብዙ አየው። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ከእጄ ወስዶ ቀስ ብሎ ከደነውና ለእማዬ «በይ ተመስገን በይ፣ ክብደት ብቻ ነው አለች» አላት።

ለቀጠሮው አልሄደም። ክረምቱ ገብቶ ጭቃው ሲመለስ፣ መመሪያ ማምጣቱንም ተወ። እማዬ «ሰውዬ፣ ተው ሐኪሙ ጋ ሂድ» ብላ ስትለምነው፣ «ልጅቷ አንብባልኛለች'ኮ» ይላት ነበር፣ እኔም ይህን በሰማሁ ቁጥር ውኃ ልቅዳ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር። ጥቅምት ላይ ሥራ ቦታ ወድቆ ሲወሰድ፣ ሐኪሙ የታጠፈውን ወረቀት ዘርግቶ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ገና ሳይደርስ ቀበርነው።

ዛሬ እንጀራዬ ሰነድ መተርጎም ነው። ስልኬ ቃሉን ጽፌ ሳልጨርስ አንድ ፍቺ ያቀርብልኛል፣ እኔ ግን የቀሩትን እስከ ታች ሳላይ አልመለስም። ዘንድሮ ለፋሲካ እማዬ ሳላነሳባት «ክብደት የሚባል በሽታ እንደሌለማ እኔም አውቅ ነበር» አለችኝ። እንግዲህ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። አባዬ ከቀጠሮው የቀረው ፈርቶ ይሁን፣ እኔን ውሸታም ላለማድረግ ይሁን፣ በጊዜ ቢሄድስ ይተርፍ እንደሆነ፣ አላውቅም።

እትዬ ወርቄ አሁንም ወረቀት ይልኩልኛል። ስልክ ደውዬ ቁጥሮቹን ሁሉ አነብላቸዋለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ደክሟቸው «በቃሽ ልጄ» ቢሉም አላቆምም። ያኔ አንዱን ብቻ ንገሪኝ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም አንብቢልኝ ያለኝ ግን ነበር።