በጣት የሚታይ ቀለበት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ምን ይወጣዋል? የሂልትሩድ ዕድሜ ያለቀው በጣቶቿ ጫፍ ነው። በጀርመኗ ሃይደልበርግ ከተማ ቤተ ሙከራ ሠላሳ ዓመት አጎንብሳ፣ ከእንቁራሪት እንቁላል ኒውክለስ የሚባለውን የሕዋስ እምብርት በመርፌ እያወጣች ሽፋኑን ገፈፈች። ሳይንቲስቶቹ የሚያጠኑት የሽፋኑን ቀዳዳዎች ነበር። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሺህ ገደማ ፕሮቲኖች በስምንት ወገን የተጋጠሙበት ቀለበት መሆኑ ተሟልቶ ሲታወቅ የእሷ ዓይን ጠፍቶ ነበር።

ግኝቱ በተከበረ ዕለት እንደ ልማዷ በዳበሳ የጋገረችውን ኬክ ይዛ መጣች። ለእንግዶቹ የቀለበቱ የፕላስቲክ ቅርጽ ታደለ።

«ዮርግዬ፣ ለእኔስ?» አለችው ወጣቱን አለቃ።

«ወይዘሮ ሂልትሩድ፣ እርስዎ ደግሞ! ስንቱን ሲገፍፉ ኖረው አልሰለችዎትም?»

«ገፈፍኩ እንጂ መቼ አየሁት? በጣቴ ልየው።»

«አለቀ እኮ። ሰኞ በፖስታ እልክልዎታለሁ።»

እስክትሞት ድረስ ደወል በተደወለ ቁጥር እጇን ዘርግታ በሩን ትከፍት ነበር። ያን ቀለበት ግን ማንም አላመጣላትም።