የከዋክብት መጻሕፍት ገበያ

መጻሕፍቴን ልሸጥ ነው ስል ባለቤቴ አላመነችኝም። ሦስተኛው ልጃችን ሲወለድ ግን የተከራየናት ክፍል ወይ አልጋ ወይ መደርደሪያ እንጂ ሁለቱንም የምትችል አልሆነችም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የሥነ ፈለክና የፊዚክስ መጻሕፍቱ ከተማሪነቴ ጀምሮ ምሳ እየዘለልኩ ያጠራቀምኳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ በባጃጅ ጫንኳቸውና ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ማዳበሪያ አንጥፌ ዘረጋኋቸው።

ገበያው አናደደኝ። ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ጥያቄ አለህ ወይ ይሉኛል። አንድ የሚኒባስ ረዳት የመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ ፈለገ። አጠገቤ ቆሎ የምትሸጠዋ ሴት ደግሞ ለመጠቅለያ በኪሎ ልትወስዳቸው ጠየቀችኝ፤ የጋላክሲ ፎቶ ያለበትን ግን ወረቀቱ ያንሸራትታል ብላ መለሰችልኝ። ከነክብሬ ቁጭ ብዬ ይህን ሁሉ ሰማሁ። ምንድን ናቸው ለሚለኝ ሁሉ "የከዋክብት መጻሕፍት ናቸው" እያልኩ ስመልስ ዋልኩ።

ወሬው መርሳ ድረስ ሄዶ ኖሮ፣ በሳምንቱ አንዲት እናት መጥተው ፊቴ ቁጭ አሉ። ከመርሳ ከፍ ብሎ ካለ ገጠር ነው የመጡት። ልጃቸው ዓረብ አገር ልሻገር ብሎ በጅቡቲ በኩል ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። የልጁን ስም ነገሩኝ፤ አስከትለውም የራሳቸውን። ኮከብ የሚቆጠረው በሰውየውና በእናቱ ስም እንደሆነ አገር ያውቃል። ለምን እንደመጡ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ካለ እንጠብቀው" አሉኝ። "ከሞተም ሰደቃውን እናውጣለት። እንዲያው ተንጠልጥየ ቀረሁ እኮ፣ ልጄ።"

እኔ እንግዲህ የአንድ ኮከብ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ስንት ዘመን እንደሚፈጅበት አስተምራለሁ። ከመርሳ ገጠር ወጥቶ ጅቡቲ ላይ ስለጠፋ ልጅ ግን ምንም የማውቀው ነገር የለም። እነዚህ መጻሕፍት የሰው ዕጣ አይናገሩም አልኳቸው። እስቲ ብቻ ገለጥ አድርግልኝ ብለው ለመኑኝ። አንጀቴ አልችል ብሎ አንዱን ገለጥኩ፤ ከዳር እስከ ዳር ቀመር ነው። የምላቸው ጠፋኝና አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ።

ጉድ የሠራኝ ያ ዝምታ ነው። እኛ አገር ለእናት መንገድ ላይ መርዶ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው የሚያረዷት። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሰው እንኳ አልሰማሁም ይላል፣ ዐይኑን ይሰብራል። እኔም ፊታቸው ያደረግኩት ይህንኑ ነበር።

"ገብቶኛል፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው ሲነሡ። "ጨዋ ያሳደገህ ነህ። እቤቴ ገብቼ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር አለቅሳለሁ።"

ኧረ እናቴ፣ አላውቅም ማለቴ የምር አላውቅም ማለቴ ነው ብዬ ማልኩላቸው። መርዶ የደበቀ ሰውም እንዲሁ ነው የሚምለው። በራሳቸው ላይ የጣሉትን ሻርፕ አስተካክለው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። መጻሕፍቱን ለቆሎ ሻጯ አደራ ብዬ ተከተልኳቸው፤ ስደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል። ኮከብ ቆጣሪን ክፍል ውስጥ ተማሪ ሰብስቤ ስሳለቅበት የኖርኩት ሰውዬ፣ ያኔ ሕዝብ ፊት ቆሜ፣ "ኮከቡ ደኅና ነው፣ እናቴ። ልጅዎ በሕይወት አለ" አልኩ።

እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ራሴን ዳበሱኝ። "አላህ ይስጥህ" አሉ፤ "ታጽናናኝ ብለህ ነው።"

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ምን ሆነው እንደሆነ ስትጠይቃቸው አየሁ። ነገሯት። መስኮቱ አልተዘጋም ነበርና፣ ልቅሶው ሲጀመር ሰማሁት።